ተሞክሮው ተቀምሮ ይስፋ

ዝናብ እፈራለሁ። "የጋሞ ደጋ ልጅ ሆነሽ ዝናብ ትፈሪያለሽ?" እያሉ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። አርባ ምንጭ ካለው ቢሯችን መስኮት ተራራው ላይ ደመና ሲጠቁር ሳይ ወደየወረዳው መደወል እጀምራለሁ። ሥራዬ የአደጋ መከላከል ነው፤ የምፈራው በደመወዝ ነው ማለት ነው።

አምና በዝናቡ ወራት፣ ከገረሴ ወዲያ ባለ አንድ ቀበሌ ከመንደሩ በላይ ያለው መሬት ተሰነጠቀ ተባለና ተላክሁ። ስንጥቁ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ይውጣል። ጌታ ሆይ! ሽማግሌዎቹን "መንደሩ ዛሬውኑ ይነሳ" ብላቸው "ዱቡሻ ሳንቀመጥ? እንዴት ሆኖ!" አሉኝ። ዱቡሻ ሸንጎ የሚቀመጡበት ሜዳ ነው፤ በምርቃት ይከፈታል፣ የሚናገር ሰው አይቋረጥም፣ ሁሉም ሳይስማማ አይበተንም። ሜዳው ደግሞ የት መሰላችሁ? ስንጥቁ ሥር! እዚያው ሥሩ ተቀምጠው "እንሽሽ ወይስ አንሽሽ" ሊመክሩ ነው።

ለኃላፊዬ ደወልኩ። "ከላይ አቅጣጫ እስኪመጣ ጠብቂ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ፦ "አባቶቼ፣ ቤታችሁን ልቀቁ አላልኩም። ሸንጎውን ብቻ ማዶ፣ ቤተክርስቲያኑ ግቢ እናድርገው። የሁሉም ጉዳይ ስለሆነ ሕፃንም አሮጊትም ይምጣ።" ተያዩና እሺ አሉ። ንግግሩ ሳያልቅ ተራራው ተናደ። ሜዳውንም ቤቶቹንም ዋጠ፤ ሰው ግን አልነካም። ሁሉም እልል ሲል እኔ በፍርሃት አለቀስኩ።

ከዚያማ "ምርጥ ተሞክሮ!" ተባለ። ያው ጠብቂ ያለኝ ኃላፊ ሥልጠና አዘጋጀ። ተሞክሮው ተቀምሮ ወደ ሁሉም ወረዳ ይስፋ ተባለና ቀማሪዋ እኔው ሆንኩ። "ተራራ ሁሉ አንድ አይደለም፤ መጀመሪያ ቦታውን እዩ" ብዬ የጻፍኩትን "ይሄ መመሪያ አይሆንም፤ አጭርና ግልጽ አድርጊው" ብሎ ሰረዘው። የተረፈው ይህ ነው፦ መሬት ሲሰነጠቅ ሕዝቡ በቤተክርስቲያን ግቢ ይሰብሰብ።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ፣ እኛ ጋ የሠለጠነ የሌላ ወረዳ ባለሙያ ደወለልኝ። ደስ ብሎታል።

"እህቴ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅ በሠለጠንነው መሠረት ሰዉን በሙሉ ቤተክርስቲያን አስገብተናል።"

"ቤተክርስቲያኑ የት ነው ያለው?"

"የተሰነጠቀው ገደል ሥር ነዋ።"

ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። "አስወጣቸው!"

"መመሪያው እኮ..."

"መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ! በእናትህ፣ አስወጣቸው!"

ወጡ። ሕፃናት ታቅፈው፣ በዚያ ዶፍ። ገደሉ ግን አልወረደም፤ ይኸው እስካሁን አለ። ልጆቻቸው በብርድ ታመሙና ሰዎቹ አኮረፉኝ፤ ሟርተኛ ይሉኛል አሉ። እዚያው ገደሉ ሥር ወዳለው ቤታቸውም ተመልሰዋል። ዛሬ እዚያ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ለባለሙያው ብደውል ብደውል አያነሳም።