ባዶ ያልኩት ጉብታ

እኔ ያሳደግኩት ሳር ውስጥ አንድ በሬ ዘጠኝ ቀን ጠፍቶ ከርሟል። ሲወጣ ከመወፈሩ የተነሳ ባለቤቱ “የኔ አይደለም” ብሎ አልረከብም አለ። አላመናችሁም፣ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምነኝም፤ እሷማ ሳሩን አብራኝ ያጨደች ናት።

ጉብታው ከመንደራችን ጀርባ ነው። መንደራችን ከአሶሳ ብዙ አይርቅም፣ ስም ግን የለውም፤ ያለው ቁጥር ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ ጭነው አምጥተው ሲያራግፉን ስም ለማውጣት ጊዜ አልነበራቸውም። እኔ ያኔ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልዘለቅኩም። ማንበብ የተማርኩት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ “ሃምሳ ኪሎ” የሚለውን እንደኔ አሳምሮ የሚያነብ በዚህ አካባቢ የለም።

ጉብታው ድሮ ከብት የሚረጋግጠው፣ በየበጋው እሳት የሚልሰው ራሰ በራ ነበር። ሰውን ለምኜም ተሳድቤም ዙሪያውን አጥር ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ከብት አይግባ፣ ሳሩ እየታጨደ ለየቤቱ ይወሰድ አልን። ዳር ዳሩን ዝሆኔ ሳር ተከልን፤ መሃሉን ሰንበሌጡ ራሱ መጣ። ከእሳቱ ያስጣሉን ደግሞ ሼኹ ናቸው። ሼኹ የምንላቸው ጎረቤቴ የበርታ ሰው ናቸው፣ አያታቸውም የተቀበሩት እዚሁ ነው። ሳሩ ገና ግማሹ እርጥብ ሳለ ዙሪያውን በቀጭኑ ያቃጥሉታል። ትልቁ እሳት ሲመጣ የሚበላው አጥቶ ይመለሳል። በሦስተኛው ዓመት ሳሩ በቁመት በለጠኝ። እኔ ደግሞ አጭር አይደለሁም።

በሬው የሼኹ ነበር። በአጥሩ ሽንቁር ገባ። ፈለግን፣ አጣን፣ ጅብ በልቶታል ብለን ተውነው። በዘጠነኛው ቀን ሳር ሳጭድ ሳጭድ ቀንድ ላይ ደረስኩ። እየጎተትኩ ወሰድኩላቸው።

“ይሄ የኔ አይደለም” አሉ።

“ሼኹ፣ ጆሮውን ይዩት እንጂ! የራስዎ ምልክት ነው።”

“ጆሮ የኔ ነው። በሬ የኔ አይደለም። የኔ በሬ ወላሂ አጥንት ነው።”

ከጠዋት እስከ አስር ሰዓት ተከራከርን። በሬው ራሱ ሰልችቶት ቤታቸው ገብቶ ተኛ፤ ያኔ ተረቱ።

ወሬው አሶሳ ገባ መሰለኝ፣ በጥቅምት ሳርና አፈር የሚለኩ ባለሙያዎች መጡ። አለቃቸው አንዲት ሴት ናት። ጎኑ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ ሳሩ ላይ ወርውራ፣ ክፈፉ ውስጥ የዋለውን አጭዳ መዘነች። ከዚያ አፈሩ ውስጥ ቧንቧ በመዶሻ አስገባች።

“ምን ጠፍቶብሽ ነው?” አልኳት።

“ካርቦን ነው የምንፈልገው፣ ጋሼ።”

እኔ የማውቀው ካርቦን ቀበሌ ደረሰኝ ሲጻፍ ከስር የሚደረገውን ሰማያዊ ወረቀት ነው። “እሱን እንኳ እዚህ የቀበረ ሰው አላየሁም” ስላት እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ አስረዳችኝ። ሳሩ ካርቦኑን ከአየር እየሳበ በስሩ በኩል አፈር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ካልታረሰ እዚያው ይከርማል፤ ከታረሰ አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል። የለካችበት እንዳይጠፋት አራት የብረት ችንካር ተክላ፣ ለከርሞ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። እኔም በሚቀጥለው ገበያ “በሬ ማሰር የናንተ ነው፣ እኔ ነፋስ አስሬ የምቀልብ ሰው ነኝ” እያልኩ ዋልኩ።

በጥር መሬት የሚመዘግብ ወጣት ቅጽ ይዞ መጣ።

“ጋሼ፣ ይሄ ግጦሽ ነው ወይስ ባዶ?”

እንግዲህ ስሙኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ያለኝን አሳንሼ ተናግሬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን ፈራሁ። ግጦሽ ካልኩ ከብት ሊቆጥሩብን ነው፣ ግብሩም ሊከተል ነው ብዬ ተጠበብኩ።

“ባዶ ነው” አልኩት። “ምን አለበትና? ዝም ብሎ ሳር ነው።”

ጻፈው። ፈረምኩ። ሼኹ ከጎኔ ቆመዋል።

“ባዶ? በሬ ዘጠኝ ቀን የበላው ባዶ ነው?”

“ዝም ይበሉ ሼኹ፤ ይሄ ብልጠት ነው።”

“አንተ ውሸት ሁልጊዜ ትልቅ ነው። ዛሬ ትንሽ ሆነ። ትንሽ ውሸት እኔ እፈራለሁ።”

በሚያዝያ ጉብታው አኩሪ አተር ለሚዘራ ባለሀብት መሰጠቱን ሰማን። በባዶ መሬትነት። አንድ ሸክም ሳር ከነስሩ ነቅዬ፣ ከነአፈሩ ተሸክሜ የመሬት ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ጠረጴዛው ላይ የተራገፈውን አፈር አየና ቀና አለ።

“በሬ የጠፋበት ሳር የሚሉት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ።”

ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ እኔም ብሆን እስቃለሁ። ቅጹን አወጣ። “ይሄ ፊርማ የማን ነው?”

“የኔ።”

“ታዲያ?”

“ባለሙያዎች መጥተው ለክተውታል እኮ!”

“የነሱ ወረቀት ሌላ ቢሮ ነው፣ ጋሼ።”

በዕድሜዬ ከተናገርኩት ሁሉ ሰው ያመነኝ አንዱን ነው። እሱም ውሸት ነበር። ቢሮውን አፈር ስላለበስኩት መጥረጊያ ተቀብዬ ጠርጌ ወጣሁ።

ትራክተሩ ግንቦት ላይ ገባ። ስሩ እንደ ፍራሽ የወፈረ ስለነበር ማረሻው ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ሁለት ጊዜም አጨበጨብኩ። ሁለቴም ጠግነውት መጡ። ጥቁር አፈር እየተገለበጠ ሲወጣ ሼኹ ከራሳቸው ላይ ቆባቸውን አነሱ።

“ያሰርከው ነፋስ ተፈታ” አሉኝ። “ደህና ሁን በለው።”

 

ባለሙያዋ ቃሏን ጠብቃ በዓመቱ መጣች። ከአኩሪ አተሩ ዳር ቆማ ችንካሮቿን በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ ሥራ ነውና ክፈፏን ወረወረች። ክፈፉ ውስጥ የዋለው የአኩሪ አተር ግንድና አንድ የውሃ ፕላስቲክ ነው።

“ሳር፣ ዜሮ” እያለች ጻፈች።

“ባዶ በይው” አልኳት። “የመሬት ቢሮ ሰዎች የሚገባቸው እሱ ነው።”

አልሳቀችም።

አሁን ለላሜ ድርቆሽ ከሩቅ አመጣለሁ፤ በሌለ ቀን የማንጎ ቅጠል አቀርብላታለሁ፣ እሷም ሰድቤያት እንደሆነ ሁሉ ታየኛለች። ወተቷ ነጥፏል። ባለፈው የካቲት ሼኹ ከደጄ ቆመው ጠሩኝ። በሬያቸውን ይዘዋል። ጎድኑ ከሩቅ ይቆጠራል።

“አሁን አወቅኩት” አሉ። “ይሄ የኔ በሬ ነው።”

ካላመናችሁኝ ሂዱና ጠይቁ። ሼኹ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ፊት ካለው ትልቅ ማንጎ ስር አይጠፉም። በሬውንም ካልሸጡት ታዩታላችሁ። ሦስቱን ችንካር ትራክተሩ ነቅሎ ጥሎታል፤ አራተኛው ላይ ሼኹ ፍየል አስረውበታል። እሱም ካላሳመናችሁ ቢሮ ግቡና ቅጹን አስወጡ። “ባዶ” ከሚለው ስር ፊርማዬ አለ። ያማረ ፊርማ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። እሱን ጠይቁት።