በመጋዘን የጠባች ልጅ

ሊይዙኝ ሲመጡ ልጄ ከስፌት መኪናው እግር ጋር ታስራ ነበር። እጇን ወደ መርፌው እንዳትሰድ ወገቧን በቁራጭ ጨርቅ አስሬ ነው የምውለው። መካነ ሰላም፣ ገበያው ዳር፣ አንዲት በረንዳ ላይ እሰፋለሁ። ዓመት ሞልቷት ገና መቆም የለመደችበት ጊዜ ነው።

እናቷ ጡት አስጥላት ጂዳ ከሄደች ብዙም አልሆናት። የሰው ልጅ ልታሳድግ ሄደች። እኔም ሱሪ እያሳጠርኩ ልጅ አሳድጋለሁ። ሰው ለክቼ ሳልጨርስ ታለቅሳለች፤ አባብያት ስመለስ ልኬቱ ይጠፋብኛል። አጠገቤ ጫማ የሚጠግነው ሰውዬ፣ "አንተ፣ የቀረህ እንግዲህ ጡት ማብቀል ነው!" እያለ ገበያተኛውን ያስቅብኛል።

ለጫካ ሰዎች ልብስ ሰፍተሃል አሉኝ። ሱሪ ሰፍቻለሁ። ሱሪውን ለብሶ የት እንደሚሄድ ልብስ ሰፊ አይጠይቅም።

"ልጅቷን ለእናቷ ስጥ" አለኝ አንዱ ፖሊስ።

"እናቷ ጂዳ ናት።"

"ለጎረቤት ስጣ!"

ጎረቤት ፖሊስ ሲያይ በሩን ዘግቷል። ዘመዶቼ ከከተማው ራቅ ብሎ ማሻ በኩል ገጠር ናቸው፤ መንገዱ ደግሞ ያን ሰሞን ዝግ ነበር። ፖሊሱ ተንበርክኮ ቋጠሮውን ፈታና አስታቀፈኝ። እሷ ምን ታውቃለች፣ ሳቀችለት።

ያስገቡን የእህል መጋዘን ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ በማታ ትምህርት ስለሆነ ግድግዳ ላይ ያየሁትን ሁሉ ማንበብ አመሌ ነው። "ጆንያ በረድፍ ይደርደር" ይላል። እኛም በረድፍ ተደርድረናል። የነቀዝና የእግር ሽታ ይሸታል። ሴቶቹ ከቆርቆሮ ግድግዳው ወዲያ ናቸው፤ ሳል እንኳ ይሰማል።

ልጄ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ዳቦ በሻይ አርሰን ብንሰጣት ተፋችው። አንድ ሽማግሌ ሼኽ ነበሩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው አጫወቷት። ዝም አላለችም። ጠዋት ላይ ከቆርቆሮው ወዲያ አንዲት ሴት ጮኸች።

"ያቺ ልጅ የማን ናት? ኧረ በአላህ፣ እሷ ባለቀሰች ቁጥር ቀሚሴ በወተት ራሰ!"

"የኔ ናት" አልኳት።

"እናቷስ?"

"አረብ አገር።"

ከዚያ ስለ ራሷ ነገረችን። የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ወንድሟ ጫካ ገባ ተብሎ ነው የታሰረችው። ቤት የተወችው ወንድ ልጅ አላት፤ ከልጄ ጋር እኩያ ነው። "ምሳ ሰዓት ሮጬ አጥብቼ እመለስ ነበር" አለች። "አለቃዬ ቆሞ ሰዓት ያይብኛል። አሁን ሰዓት የሚያይብኝም የለ፣ የማጠባውም የለ። ያረቢ፣ ደረቴ ድንጋይ ሆኗል።"

የሴትየዋ እናት በየቀኑ ምሳ ሲያመጡላት ልጁን አዝለው ነው የሚመጡት። ምሳው ይገባል፤ ልጁ አይገባም። ሕፃን እስር ቤት አይገባም ይላል ትእዛዙ። የኔዋ ገብታ ተኝታለች፤ ይህን ለማን ትናገራለህ።

ፀሐይ ልንሞቅ ስንወጣ ጠባቂው ልጄን ወሰደላት። ግቢው አንድ ነው፤ መጋረጃ የለውም። ማንም ሳያዘን ወንዶቹ ሁሉ ፊታችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። "ምንድነው ይሄ፣ ስግደት ነው?" ብሎ ጠባቂው አሾፈ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ዞረ። ጀርባዬን ሰጥቼ ልጄ ስትውጥ እሰማ ነበር። እናቷ ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስትውጥ ሰምቻት አላውቅም።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንድ ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አዛዡ መጣ።

"መዋዕለ ሕፃናት ነው እንዴ ይሄ? ዛሬውኑ ትውጣ። ዘመድ ካለ ይውሰዳት፤ ከሌለ ደሴ ማሳደጊያ ትግባ።"

ማሳደጊያ የገባች ልጅ የት እንደምትደርስ እኔ ታስሬ ማን ይከታተልልኛል?

"እናቴ በር ላይ ናት፣ ለእሷ ስጧት!" አለች ሴትየዋ ከወዲያ።

"ዘመድ ነው ያልኩት። አንቺ ምኑ ነሽ?"

ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ይህች ሕፃን ከጡቷ ጠብታለች። በእኛ በኩል ልጇ ናት። ነገ አድጋ የዚህችን ሴት ወንድ ልጅ ላግባ ብትል ኒካውን እኔ አላስርም።"

አዛዡ ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን አየ። "አንተ ማተብ አስረህ በሼኽ ፍርድ ትዳኛለህ?"

"እህቴ ናት" አልኩት።

"ምንህ?"

"እህቴ ናት አልኩህ። የልጄ እናት ጂዳ፣ እህቴ እዚህ።"

አዛዡም የወሎ ሰው ነው። የጡት ዝምድናን አልካደም፤ ላለመሳቅ ግን ከንፈሩን ነከሰ። "ወግዱልኝ፣ ውሰዷት" አለ።

ጠባቂው በክንዷ ሊያንጠለጥላት ሲል፣ "እኔው እሰጣለሁ" ብዬ እስከ በሩ ይዣት ሄድኩ። አሮጊቷ የልጅ ልጃቸውን አውርደው መሬት አቆሙትና ጀርባቸውን ሰጡኝ። "በል እሰርልኝ። አብሽር፣ ከዚህ ጋር አሳድጋታለሁ።" አሰርኩላቸው። ልጄ አላለቀሰችም። ወተት ወተት የሚሸተውን ነጠላ ይዛ ቀረች።

ከኋላዬ ሴትየዋ በመጋዘኑ ሽቦ መስኮት ልጇን በስሙ ጠራችው። ልጁ ድምጿን አወቀው፤ ከየት እንደመጣ ግን አላገኘውም። ዓይኑን ያንከራትታል። እኔም ከብብቱ ይዤ አነሳሁትና ወደ መስኮቱ አዞርኩት።

"አውርድ!" አለ ጠባቂው።

አላወረድኩም። ከራሴ በላይ ከፍ አደረግኩት።

"አውርድ አልኩህ!"

"ትየው።"

እጄ እስኪዝል ያዝኩት። ጠባቂው ሰደፉን አነሳ፤ አልመታኝም። ሴትየዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ድምጿ ጠፋ።

በማግስቱ ሴቶቹን በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። እኔ ከእሷ በፊት ተፈታሁ። እሷ ስትመለስ ልጁ ጡት የሚባል ነገር ረስቷል፤ እሷም ደርቃለች። "ላጥባህ?" ስትለው ሮጦ አያቱ ጀርባ ተደበቀ አሉ። የመጨረሻውን ወተቷን የጠባችው የኔ ልጅ ናት።

አሁን ሁለቱ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ልጄ ሴትየዋን እማ ትላታለች፤ ጂዳ ያለችውን ደግሞ በስሟ ትጠራታለች። ይህን ስናገር "አቤት የወሎ ፍቅር!" ብለው የሚያጨበጭቡ አሉ። አታጨብጭቡ። የኔ ልጅ የጠገበችው የሴትየዋ ልጅ በር ላይ ቆሞ ስለተከለከለ ነው። እኔና እሷ ይህን እናውቃለን፤ ስንገናኝ ስለ ልጆቹ ጫማና ስለ ትምህርታቸው እናወራለን እንጂ ይህን አንስተነው አናውቅም።