በሳፋ የተለወጠው ቴሌቪዥን

አባቴ አስም አለበት። የአዳማ ነፋስና አቧራ ደግሞ ለጤነኛም አይመችም፣ እንኳን ለእሱ። ስለዚህ ከግቢያችን ጀርባ ካለው የጎርፍ መውረጃ ጥቁር ጭስ መነሳት የጀመረ ሰሞን ደሜ ፈላ። የማገዶ ጭስ አልነበረም፤ የሚነደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። መስኮት ስንዘጋ በሙቀት እንታፈናለን፣ ስንከፍት አባቴ ትራሱን ተደግፎ ከትንፋሹ ጋር ይታገላል።

ከዚያ በፊት የቤታችን ጭቅጭቅ አሮጌው ቴሌቪዥን ነበር። እንደ ብዙ ሰው ቤት የእኛም አዲሱ ቴሌቪዥን የተቀመጠው በተበላሸው ላይ ነው፤ ዳንቴል አልብሰነው ለዓመታት ጠረጴዛ ሆኖ ኖረ። ቤቱ ሲቀባ ይውጣ ተባለ። እኔም እንደ ደህና ሰው የሚጣልበትን ቦታ ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ። ቆሻሻ የሚያነሱት ሴቶች "ይሄን አንጭንም፣ መድፊያው ላይ ይመልሱብናል" አሉኝ። አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስልኩን እየነካካ "እኛን አይመለከትም" አለኝ። ታዲያ ማንን ይመለከታል ስለው "ጓሮ ቅበሪው" ብሎ ሳቀ። ውስጡ መርዝ እንዳለው፣ የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ሰው እንዳለ ላስረዳው ስጀምር ከኋላዬ የቆመውን ባለጉዳይ ጠራ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ቴሌቪዥን አገር ሲገባ ቀረጥ የሚቀበል አለ፤ ሲሞት የሚቀበለው የለም።

እኔ ስዞር እናቴ ሰለቻት። አንድ ቀን "ልዋጭ!" እያለ አሮጌ ዕቃ በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጠው ሰውዬ በበራችን ሲያልፍ ጠርታ ሰጠችው። ከሥራ ስመለስ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ አሳየችኝ።

"ገላገለኝ እኮ። ደግሞ እዪው፣ ወፍራም ነው።"

"የት ይወስደዋል?" አልኳት።

"ያሠራዋል መሰለኝ" አለች፣ ሳፋውን በጣቷ እያንኳኳች።

ጭሱ በባሰበት ቀን አፌን በሻርፕ ሸፍኜ ወደ መውረጃው ወረድኩ። አንድ ጎልማሳ የሽቦ ክምር ያቃጥላል። "አካም ጅርቱ" አለኝ በትህትና። ሰላምታውን አልመለስኩም። "አባቴ ሊሞትብኝ ነው፣ ሌላ ቦታ አጣህ?" ብዬ ጮህኩበት። ሊመልስልኝ ሲል ሳል ያዘውና ጠበቅኩት።

"መዳቡን ብቻ ነው የሚገዙኝ፣ እህቴ። ሌላው የት ይጣል? ቦታ ካለ አሳዪኝ፣ አሁን ልሂድ።"

ንዴቴ እንዳለ ነው፣ የማሳየው ቦታ ግን አልነበረኝም። ዞር ስል ከእግሩ አጠገብ የተሰባበረ መስታወትና ባዶ የቴሌቪዥን ቀፎ አየሁ። ጎኑ ላይ ልጅ ሆኜ የለጠፍኳቸው የማስቲካ ስዕሎች ነበሩ። አንዱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት፤ እንደ ድሮው አልላቀቅ አለ።

ቤት ስገባ እናቴ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ አባቴን በእንፋሎቱ ታጥነዋለች። ጋቢ ተከናንቦ ሰማያዊው ሳፋ ላይ አጎንብሷል።

"ይሄ ሳፋ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?" አለችኝ።

ቀፎውን የት እንዳየሁት ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አባቴ ከጋቢው ሥር ሲስል ሰማሁና ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁ።