የእኛ ታንክ ነው ያልን ዕለት

ኮረብታው ስም አልነበረውም። አንዲት ዛፍ እንኳ ስላልበቀለችበት እኛ «ራሰ በራው» እንለው ነበር። ጠዋት ያዙት ተባልን፤ ከቀትር በፊት ያዝነው። ከዚያ ታንክ እስኪደርስላችሁ ጠብቁ የሚል ትእዛዝ መጣ። መጠበቅ ከመዋጋት ይከፋል፤ እጅ ሥራ ሲያጣ ልብ አያርፍም።

ይህን የምጽፈው ልጄ ራሔል ጠይቃኝ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ ከምንኖርበት ከካሮልተን፣ ፎርት ዎርዝ ወዳለው ኮሌጇ ሳደርሳት ሃይዌዩ ተዘጋግቶ ቆመን ነበር። «ማሚ፣ ክላስ ላይ የስፔንን ሲቪል ዋር እየተማርን ነው» አለችኝ። «ላንዱ ወገን ጀርመንና ጣሊያን፣ ላንዱ ራሺያ ነበር መሣሪያ የሚሰጡት። ማለቴ፣ በሰው መሣሪያ የገዛ አገራቸውን ሰው ሲገድሉ ምን ይሰማቸው ነበር?»

የስፔንን አላውቅም። የኛን ግን አውቀዋለሁ። ለእኛ ለመንግሥት ጦር ታንኩም ጥይቱም ከሞስኮ ይመጣ ነበር። ለአማፅያኑም ከጎረቤትና ከዐረብ አገር ይገባላቸዋል ይባል ነበር።

እኔ የሻምበል ጦራችን ቁስለኛ አስታማሚ ነበርኩ። ያን ዕለት እጄ ላይ ግርማ ነበር። ጭኑን ተመትቷል፤ ደሙን በጨርቅ አስሬ ይዤዋለሁ። እስኪመሽ ሐኪም ካላየው አይተርፍም፤ ከዚያ የሚያወርደው ደግሞ የምንጠብቀው ታንክ ብቻ ነበር። አሥር ጊዜ ከምሽጉ ብቅ እያልኩ ሸለቆውን ሳይ ግርማ ሳቀብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ እንደዘገየባት ሚዜ ምን ያቁነጠንጥሻል?»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አቧራ ታየ። ሁለት ታንክ። መቶ አለቃው በመነጽር አይቶ ዓይነቱም ቀለሙም የኛው መሆኑን ነገረን። በሻምበላችን ታንክ የሚገባው በፉከራ ነበር፤ ከምሽግ ወጥተን፣ ቆመን እንቀበላለን። መቶ አለቃው ግን ባልተጠበቀው በግራ በኩል መምጣታቸው አላማረውም፤ ትንሽ ቆዩ አለን። ፎካሪያችን አስር አለቃ ደምሴ ቀድሞ ዘሎ ወጥቷል።

«ጌታዬ፣ እንግዳ በየት በኩል መጣህ ተብሎ ይጠየቃል?» አለ።

ሳቅን። ወጣን። እኔ ግርማን ቃሬዛ ላይ ላወጣ ጎንበስ አልኩ።

ደምሴ ፉከራውን አልጨረሰም። ታንኩ ተኮሰ። መትረየሱ ተከተለ። የቆመ ሁሉ ወደቀ። ታንኮቹ የእኛ ነበሩ፤ ውስጣቸው ያሉት ግን አልነበሩም። ለካ ታንኮቹን አማፅያኑ ከሌላ ብርጌዳችን ማርከዋቸው ነው። የተረፍነው ከምሽግ ውስጥ ተዋጋን። አንዱን በአርፒጂ አቃጠልነው፤ ሌላው ዞሮ ሄደ።

የእኛ ታንክ ያን ቀን አልመጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግርማ ዓይኑን ገለጠ።

«መጡ?» አለኝ።

«መጡ» አልኩት።

ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

ከእኛ ግርማን ጨምሮ አሥራ አንድ ሞቱ። ከተቃጠለው ታንክ አራት አወጣን፤ አንደኛው አንገት ላይ ማተብ ነበር። ሁለት ጉድጓድ የሚቆፍር ጉልበት አልነበረንም፤ አንድ ላይ ቀበርናቸው። ያን የሚቃወም አልተገኘም።

ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ ልጆቼ። እኔ የዚያን ኮረብታ ሙታን ስቆጥር አሥራ አምስት ነው የምለው። አሥራ አንድ ማለት እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።