ከውጭ የቆለፍኩበት ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜን ሱቅ ውስጥ አስገብቼ ከውጭ የምቆልፍበት እኔ ነበርኩ። ጊዜው የወረርሽኙ ጊዜ ነው፣ ሶዌቶ ውስጥ። ሎክዳውን ሲታወጅ የአገሬው ሰው ስፓዛ፣ ማለትም የሰፈር ሱቅ፣ ይከፈት፣ የመጤው ግን ያለ ፐርሚት እንዳይከፈት ተባለ። ለእኛ ደግሞ ፐርሚት ማን ይስጠን? ስለዚህ ወንድሜ ከዕቃው ጋር ውስጥ ይሆናል፣ እኔ በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር አንጠለጥላለሁ። ፖሊስ ሲያልፍ ዝግ ሱቅ ነው የሚያየው። ደንበኛ በጓሮ ዞሮ በብረት ፍርግርጉ መስኮት ዳቦና ኤርታይም፣ የስልክ ሂሳብ፣ ይገዛል። ብልሃቱ የእኔ ነበር፣ ስኮራበትም ለጉድ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ፐርሚት ልጠይቅ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ሰልፍ ላይ ሲገትሩኝ አረፈዱ። ጸሐፊዋ የጥገኝነት ወረቀቴን በእጇ እንኳ ሳትነካ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ወደ እኔ መለሰችው። «መጀመሪያ የአገሩ ልጆች ይዳረሱ» አለችኝ። ደሜ ፈልቶ፣ ብቻዬን እየተሳደብኩ ተመለስኩ።

ሰፈር ስደርስ ሱቃችን ፊት ሰው ግጥም ብሏል። ዱላ የያዘ አለ፣ ገጀራ የያዘ አለ። «በሽታውን ያመጡብን እነሱ ናቸው፣ እንጀራችንን የበሉት እነሱ ናቸው» እያለ አንዱ ይጮሃል። ብርድ ስለነበር የሱፍ ኮፍያዬ እስከ ቅንድቤ ወርዷል፣ የቀረውን ማስኩ ሸፍኖታል። ሁሉም እንደኔው ተሸፋፍኗልና ማንም አላወቀኝም።  የሱቁ በር አንድ ነው፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ወንድሜ ውስጥ ነው።

አንድ ጎረምሳ ቤንዚን በጄሪካን ይዞ መጣና ጓጉንቸሩን አየ። «ሸሽተዋል፣ አቃጥሉት» አለ። ሰው አለ ብዬ ብጮህ ይተዉት ይሆን፣ ይብስባቸው ይሆን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ አልጮህኩም። አከራያችን ጎጎ፣ ያን ያህል ያረጁ ሴት፣ መጥተው በሩ ላይ ተደፉ። «ቤቱ የእኔ ነው፣ ዕቃውን ውሰዱ፣ ቤቴን ግን አታቃጥሉብኝ» ብለው ለመኑ። እሳቸው የቻሉትን እኔ አልቻልኩም።

ጎረምሶቹ ጄሪካኑን አስቀምጠው በሩን በብረት ፈለቀቁት። ወንድሜን በእግሩ ጎትተው አወጡት። በአገራችን ቋንቋ እናቱን እየጠራ ነበር። የለስላሳ ሳጥን ጭንቅላቱ ላይ ሰበሩበት። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምትገዛን ሴት ፊቱን በጫማዋ ረገጠችው። ጥርሱ ሲወልቅ አይቻለሁ። አንዱ በሩን የፈለቀቁበትን ብረት አንስቶ ዓይኑ ላይ አሳረፈው፣ ዓይኑ እዚያው ፈሰሰ። እኔ ቆሜ አያለሁ። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ከሱቃችን የወጣ የዘይት ካርቶን አስታቀፈኝና «ታታ፣ ቡቲ» አለኝ፤ ውሰድ ወንድሜ ማለቱ ነው። ተቀበልኩት። አፈር ልብላ፣ በዙሉ አመሰገንኩት።

ያን ጊዜ ወንድሜ ቀና አለ። በቀረው ዓይኑ ከጫማዬ እስከ ኮፍያዬ አየኝ። አወቀኝ። ስሜን ቢጠራ ኖሮ እኔም አጠገቡ እጋደም ነበር። አልጠራኝም። ፊቱን ወደ አፈሩ መለሰ፣ ከዚያ ወዲያ ሲመቱትም ድምፅ አላሰማም። እኔ ካርቶኑን ታቅፌ ከዘራፊዎቹ ጋር እስከ መንገዱ ጫፍ ሄድኩ።

ሲበተኑ ጎጎ ናቸው አምቡላንስ የጠሩለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሮዘተንቪል የሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ገባን። ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ፣ በጥፊ ቢለኝ እንዴት በተገላገልኩ። አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁት መጡ። ሻይ እያቀረብኩ ሳለ አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ ወንድምህ ያኔ የት ነበር?» አሉት።

«እንኳን አልነበረ» አለ ወንድሜ፣ ሻዩን ከእጄ እየተቀበለ። «ጌታ እሱን አተረፈልኝ።»