ፀሐይ ከአውቶቡስ ተራ የምትወጣበት ግቢ

ዓርብ ከምሳ በኋላ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ አስቴር ጋር ከቢሾፍቱ ተነሣን። የምንሄደው መርካቶ፣ ወደ ተወለድንበት ግቢ ነው፤ ጉዳያችን ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ማየት ነው። ይህን ለሚኒባሱ ረዳት ብነግረው ሂሳብ ሳይቀበለኝ ያወርደኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ አስቴር በልጅነታችን ፀሐይ ከአውቶቡስ ተራ በኩል ትወጣ እንደነበር ታስታውሳለች። አውቶቡስ ተራ ደግሞ ከግቢያችን በስተምዕራብ ነው። እሷ ብቻ ብትሆን ዝም ባልን። የግቢው ልጆች የቴሌግራም ቡድን አለን፤ እዚያ ያሉት ሁሉ እንደሷ ነው የሚያስታውሱት። እኔም ጭምር። ትምህርት የጀመርኩት ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ክፍል ነው፤ ካርታ ማንበብ ስማር መጽሐፉን አመንኩና ትዝታዬን እንደ ሕልም ተውኩት። እትዬ ግን አልተወችም። ሰለሞን የሚባለው የግቢያችን ልጅ፣ «ያ ሌላ ዓለም ነበር፤ ሳናውቀው ወደዚህኛው ተሻግረናል» ብሎ ቡድኑ ላይ ሲጽፍ ብዙዎቹ አመኑት። እሷም አመነች።

ችግሩ የመጣው ይህንኑ በልጆቿ ፊት ስትናገር ነው። ትልቁ ልጇ ዳዊት እናቱ መርሳት እንደጀመረች ደመደመ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የቅመም ሱቋን እሱ እንዲይዝ፣ እሷ ሐኪም ታይታ ቤት እንድትቀመጥ ተወሰነ። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁሉንም ያሳደገችው በዚያ ሱቅ ነው።

ዱከምን እንዳለፍን፣ «ወይ ዓለሙ ተቀይሯል፣ ወይ እኔ አብጃለሁ» አለችኝ።

«ሦስተኛ ነገር ይኖራል» አልኳት።

«አንቺ መቼም ነገር ካላወሳሰብሽ አይሆንልሽም። ምንድን ነው ሦስተኛው?»

«አላውቅም። ለዚያ ነው የምንሄደው።»

አመሻሽ፣ አውቶቡስ ተራ

ቃሊቲ ወርደን ሁለት ታክሲ ቀይረን ደረስን። ሻንጣችንን ሊሸከሙ የሚሻሙትን፣ ደላላውን፣ «ጅማ ነሽ? ጅማ!» የሚለውን ጥሪ አልፈን ርካሽ ሆቴል ያዝንና ሳንቀመጥ ወደ ግቢያችን ሄድን።

እንደፈራሁት አልፈረሰም። ከኋላው፣ በስተምሥራቅ፣ ረጅሙ የድንጋይ መጋዘን እንደቆመ ነው። የግቢው መግቢያ አንድ በር ብቻ ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከፍ ያለ በረንዳ ያለው የቆርቆሮ መሸጫ አለ። በሩ ላይ ቆሜ የስልኬን ኮምፓስ ከፈትኩ። ምዕራብ። ፀሐይዋም ከፊታችን፣ ወደ አውቶቡስ ተራ እየጠለቀች ነበር።

እትዬ አይታ ወደ ሆቴሉ ተመለሰች። ያዘዝነውን ሽሮ ሳትነካው ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በሩ ላይ

ፉል በትኩስ ዳቦ በልተን ማልደን ተመለስን። ፀሐይ እንደ መጽሐፉ ወጣች፤ ከኋላችን፣ ከመጋዘኑ ጀርባ። የመጋዘኑ ጥላ ግቢውን በሙሉ ሸፍኖታል፤ ብርሃኑ የሚያርፈው ከማዶው በረንዳ ላይ ነው። በረደን።

«እዚሁ በር ላይ ነበር ፊታችንን የምንታጠበው» አለች እትዬ። «ብርሃኑ ዓይናችንን እየወጋን።»

«በጥላ ውስጥ?»

«ይኸውልሽ እንግዲህ፣ እሱን ነው ሰለሞን የሚለው።»

የቆርቆሮ ነጋዴው፣ ሙደሲር የሚባል ቀልደኛ ሰው፣ ከበረንዳው ሆኖ፣ «እናቶቼ፣ በሩን ልትገዙት ነው እንዴ? ካሁን አሁን ትገባላችሁ ብዬ ስጠብቅ!» አለን። እትዬ ልትመልስለት ቀና ስትል ሁለት ተሸካሚዎች ቀለም ያልተቀባ አዲስ ቆርቆሮ ከሱቁ አውጥተው ወደ ጋሪ አዞሩት። ነጭ ብርሃን የበሩን መቃን ጠርጎ በፊቷ ላይ አለፈ።

ዓይኗን በመዳፏ ከለለች። እንደዚያው እንደቆመች፣ «ከክፍለ ሀገር ገባች» አለች በቀስታ።

ያኔ ለእኔም መጣልኝ። ጎረቤታችን ሐጂ ከድር፣ ብርሃኑ በበሩ ሲገባ በየቤቱ እያንኳኩ፣ «ተነሡ! ፀሐይ ከክፍለ ሀገር ገብታለች፣ አውቶቡሷ ደርሷል» ይሉን ነበር። ትልልቆቹ ይስቃሉ። እኛ ልጆቹ ግን በመጋዘኑ ምክንያት እውነተኛዋን ፀሐይ ስትወጣ አናያትም፤ ብርሃን የምናየው በበሩ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ አመንናቸው። በዚያን ጊዜ ሻጮቹ ሱቅ እንደከፈቱ አዲሱን ቆርቆሮ ገዢ ከሩቅ እንዲያየው በረንዳው ላይ ቀጥ አድርገው ይደረድሩት ነበር። ዛሬ ከደጅ የሚታየው ቀለም የተቀባው ነው፤ እሱ አያበራም።

«ወንድሜ» አልኩት ሙደሲርን፣ «ነጩን ቆርቆሮ በረንዳው ላይ አቁምልን።»

«ልትገዙ?»

«ልናይ።»

«ለማየት ብቻ ነው መርካቶ የመጣችሁት? ኪሳራ ናችሁ» እያለ አስደረደረው።

ብርሃኑ መንገዱን ተሻግሮ በበሩ ገባ። ጥላውን ሰንጥቆ እስከ ቧንቧው፣ ከዚያ እስከ ድሮ ቤታችን ደረጃ ሄደ። አንዲት ሴት ሳፋ ይዛ ወጥታ፣ «ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ፀሐይ ናት» አለች እትዬ፤ «የእኛዋ።» ቀጥ ብላ ቆማ ነበር። ሙደሲር ከማዶ ሲያጨበጭብ አጎንብሳ እጅ ነሣችው።

ሁሉንም ቀርጬ ለቡድኑ ላክሁ። የሐጂ ከድርን ድምፅ እየመሰሉ የሚልኩ፣ አለቀስን የሚሉ በረከቱ። ሰለሞን፣ «በዚያኛው ዓለም ቆርቆሮ አልነበረም» ብሎ ጻፈ። እትዬ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በአንድ ጣቷ፣ «ታዲያ ቤታችሁ በምን ተከድኖ ነበር?» ብላ መለሰችለት። እሱም ሳቀ።

መልስ

ስንመለስ፣ ዱከም ላይ እትዬ ተኝታለች። እኔ መስኮቱን ተደግፌ አስብ ነበር። ብዙ ሰው ሊሆን የማይችል ነገር ሲያስታውስ ወይ ውሸት ነው እንላለን፣ ወይ ሌላ ዓለም እንፈጥርለታለን። ሁለቱም ከወንበር ሳይነሡ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ሰዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ፣ በቆሙበት ሰዓት መቆም ግን ጉዞ ይጠይቃል። የእህቴ ዓይን ያየው ብርሃን ነበረ፤ የተሳሳተው የመጣበት አገር ብቻ ነው። የእኔም መጽሐፍ አልዋሸም፤ ግን ስለ ግቢያችን በር አልተጻፈበትም።

ማታ ዳዊት ቪዲዮውን ሁለቴ አየው። አንገቱን አከከ።

«እማዬ፣ የሰኞው የሐኪም ቀጠሮ ግን ተይዟል» አላት።

«እሄዳለሁ» አለችው፤ «ጉልበቴን አሳየዋለሁ። ከሰዓት አድርገው፤ ጠዋት ሱቅ እከፍታለሁ።»