ሁለቱ ራስ ቅሎች

አባቴ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ በሃይማኖታቸው ቀልድ የማያውቁ። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የምንማረውን ቢያዩ ከትምህርት ቤት ያስወጡኛል ብዬ እፈራ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሁለት ራስ ቅሎች ሥዕል ሳጠና ደረሱብኝ።

«እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?»

«ቀዳሚዋ ይቺ ናት፤ አንጎሏ የቺምፓንዚ ያህል ቢሆንም እንደኛ ቆማ ትሄድ ነበር። ይሄኛው ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው፤ አንጎሉ ተለቅ ያለ፣ ድንጋይ ጠርቦ የሚሠራበት» አልኩ።

ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«መራመዱ ከአንጎሉ ቀደመ ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ እምነቴን አልለቅም። አንቺ ግን የተማርሽውን አሳምረሽ መልሺ። ፈተናው መቼ ነው?»

ደብተሬን ሰጠኋቸው። እስከ ምሳ ድረስ እሳቸው እየጠየቁ እኔ እየመለስኩ አጠናን።